ከበሩ የሚመለሰው አስጎብኚ

ኦቤራ፣ አርጀንቲና
ፌብሩዋሪ 6፣ 1996

ለተከበሩ አቶ ኤቨርት ሃልቡም፣

ፊትዎን ሳላይ ከሩቅ እጅ ነሥቼ ሰላም እላለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጌታ እርስዎንም ቤትዎንም በደህና ጠብቆ ያቆይልኝ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል። የሻይ ተክሉ ግን ወዶታል።

ማን እንደሆንሁ ልንገርዎ። አልማ እባላለሁ፤ የሄድቪግ ልጅ ነኝ። ሄድቪግ የሎቪሳ ልጅ ናት፤ ሎቪሳም የወንድ አያትዎ እኅት ነበረች። እናቴ ባሏን ተከትላ ከሲግቱና ወደዚህ ቀይ አፈር ስትመጣ ገና ሙሽራ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እናቷን በዓይኗ አላየችም። የሎቪሳ መርዶ እንኳ የደረሳት ሣር በመቃብሩ ላይ ከበቀለ በኋላ ነው። "እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ" እንዳለች አረጀች። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ "አንድ ቀን ከሄድሽ ከራስጌዋ ቆመሽ ስሜን ጥሪላት፤ ሄድቪግ መጥታለች በያት" አለችኝ።

ይኸው እኔም አረጀሁ። ዘንድሮ ልጆቼ ተሰባስበው ትኬት ቆረጡልኝ፤ በሴፕቴምበር እመጣለሁ። በሲግቱና እንግዳ እየመራ የሚያስጎበኝ ዘመድ እንዳለኝ የነገሩኝ ፓስተራችን ናቸው። ከመጣሁ አይቀር ምን ምን ልይ? ጉልበቴ ዳገት አይወድም እንጂ ዓይኔ ገና ደህና ነው። የአያቴስ መቃብር ይገኝ ይሆን?

በአክብሮት፣
አልማ ሊንድስትራንድ

---

ሲግቱና
ማርች 10፣ 1996

ውድ አልማ፣

የጌታ ሰላም በአንቺና በልጆችሽ ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በረዶ ከደጄ እየጠረግሁ ሳለ ነው፤ አካፋውን ተደግፌ እዚያው አነበብሁት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እርስዎ አትበይኝ። እዚህ አገር ቄሱንም ሐኪሙንም አንተ ማለት ከጀመርን ቆይተናል። እርስዎ ሲሉኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመውን ትልቅ ሰው እፈልጋለሁ።

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስሁት በሐይቁ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ስወጣ የእንግዳ መቀበያ ቢሮው ሰው አጥቶ ነበርና፣ "ኤቨርት ወሬ ይችላል" ብለው ስሜ ያለበትን ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። እንግዲህ የማሳይሽን ስሚ። ዋናው መንገዳችን ሺህ ዓመት ሙሉ በዚያው መስመር ነው የሚሄደው፤ ነገሥታት የረገጡትን በጫማሽ ትረግጪዋለሽ። ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ዛሬ የሚቀድስባቸው ቁራ ብቻ ነው። ጥንታዊ ፊደል የተቀረጸባቸው ድንጋዮችም በየጥጉ ቆመዋል። እንግዶቼ ምሥጢር የተጻፈባቸው ይመስላቸዋል፤ ሲተረጎም ግን አብዛኛው፣ "እገሌ ይህን ድንጋይ ለእገሌ አቆመ" ነው። ማዘጋጃ ቤታችን ደግሞ ከመጠን በላይ ትንሽ ናት። ከንቲባው ውስጥ ሆኖ ሲያስነጥስ ጸሐፊው ከደጅ "ይማርህ" ይለዋል እያልሁ አስቃለሁ። ከተማው ሜዳ ነው፤ ጉልበትሽ አያስቀይምሽም።

ስለ ሎቪሳ አትስጊ። ልጅ ሳለሁ አያቴ ወስዶ አሳይቶኛል። ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ከሊላክ ቁጥቋጦ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስሟ ይነበባል። በደንብ ተይዟል።

እኔ ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ ጌርዳ ካቻምና በኦክቶበር አረፈች። ጌታ ልጅ አልሰጠንም።

ዘመድሽ ኤቨርት

---

ኦቤራ
ሜይ 2፣ 1996

ውድ ወንድሜ ኤቨርት፣

የሰማዩ አባት ብቸኝነትህን ያስታግስልህ። ስለ ጌርዳ ዕንባዬ መጣ፤ ሳላውቃት አዘንሁላት። አንተ ማለትም ለምላሴ እንደ አዲስ ጫማ ጠቦት ነበር፤ አሁን ግን ይኸው ተራመድሁበት።

ደብዳቤህን እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለሴቶቹ አነበብሁላቸው። ከንቲባው ሲያስነጥስ ሳቁ። ከሊላኩ ሥር ስንደርስ ግን ሳቁ ቀረ። ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው ሩት መሃረቧን አወጣች።

"ይህን ሁሉ ዘመን ማን ጠበቀላት?" አለች።

"ዘመዶቼ ናቸዋ!" አልኋት። እንዴት ያለ ኩራት እንደ ተሰማኝ ልነግርህ አልችልም። እኛ እኮ እዚህ ያገር ሰው አይደለንም፤ እዚያም ማን ያስታውሰናል ስንል የኖርን ነን።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከድንጋዩ አጠገብ ቆመህ ፎቶ ተነሥተህ ላክልኝ። ሩት ዓይኗ ሳይጠፋ ልታይ ትፈልጋለች። የጌርዳስ ድንጋይ ምን ይመስላል? እዚያው ቅጥር ውስጥ ናት? ለእርሷም አበባ አኖራለሁ።

እኅትህ አልማ

---

ሲግቱና
ጁን 25፣ 1996

ውድ አልማ፣

ብርሃን የማይጠልቅበት ወራት ላይ ነንና የብርሃን ጌታ ከአንቺ ጋር ይሁን። መልሴ ዘገየ። ወቅቱ የእንግዳ ነው፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከቢሮው ደጅ ይራገፋል። ካሜራዬ ደግሞ ፊልሙን ያኝከዋል። ፎቶውን ሌላ ጊዜ።

የበጋውን በዓል ከተማው ሁሉ በሐይቁ ዳር አከበረ። ባለ አበባውን ምሰሶ አቁመን አዲስ ድንችና ሄሪንግ ዓሣ በላን። ስትመጪ በዓሉ ያመልጥሻል፤ ሐይቁ ግን አይሄድም። በእንጨት ድልድዩ ላይ ተቀምጠሽ ነጩን መርከብ ታያለሽ፤ የሠራሁበት ነውና የጭሱን ሽታ ከሩቅ አውቀዋለሁ። የደወል ማማውንም አሳይሻለሁ፤ ከታች ሆነሽ ብታዪው ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ከደቡብ የመጡ ባልና ሚስት ቡድኔ ውስጥ ነበሩ። የመቃብሩ ቅጥር በር ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ልመልሳቸው ዞር አልሁ። ሰውየው ቆመ።

"በሩ ክፍት ነው እኮ፤ ለምን አንገባም?"

"ስፍራው የጸጥታ ነው፤ ጎብኚ አናስገባም።"

"ማን ነው የከለከለ?"

ሚስቱ ክንዱን ጎተተችው። "ተወው እባክህ! አንተ ገብተህ ሙታኑን ደግሞ ፖለቲካ ልታወራቸው ነው?" ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ የመቃብሩን ስፍራ የምትጠብቀው ጉንቮር የእጅ ጋሪዋን እየገፋች ወጣች።

"እንደምን ዋልክ ኤቨርት?"

"ደህና፤ አንቺስ?"

ቆም አለች፤ አንድ ነገር ልትለኝ የከጀለች መሰለኝ። "ፀሐዩ ጥሩ ነው" ብላ ሄደች።

የጌርዳ ድንጋይ ገና እየተሠራ ነው። ጠራቢው ሥራ በዝቶበታል።

ኤቨርት

---

ኦቤራ
ጁላይ 18፣ 1996

ውድ ኤቨርት፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ ሐይቁም ስለ ማማውም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሎቪሳ የለችበትም።

ፎቶው ይቅር። ካሜራ ይበላሻል። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ፦ ድንጋዩ ፊት የቆምኸው መቼ ነው? እኔ የአሥራ ስድስት ሰዓት በረራ ተቀምጬ የምመጣው የእናቴን አደራ ለማድረስ እንጂ ለከንቲባው አይደለም። እንዳትቀየመኝ።

አልማ

---

ሲግቱና
ኦገስት 9፣ 1996

አልማ፣

አንቺን ሰላም ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ሆኖም ሰላም ላንቺ ይሁን።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይህ ነው። የጻፍሁልሽ ከልጅነት ትዝታዬ ነበር። ጌርዳን ከቀበርናት ቀን ወዲህ ያን በር አልፌ አላውቅም። እንግዳ ይዤ እስከ በሩ እሄዳለሁ፤ ከበሩ እመለሳለሁ። ሰው ኀዘን ነው ይላል። ልቤን ስመረምረው ግን ኀዘን ብቻ አይደለም። ድንጋይ ካቆምሁላት ሞተች ማለት ነው፤ ካላቆምሁ ገና ገበያ ሄዳ እንደ ቆየች ዓይነት ነገር ነው። እሁድ እሁድ "የሙታንን ትንሣኤ እጠባበቃለሁ" እላለሁ፤ የራሴን ሟች ግን ሄጄ ለማየት አልፈቀድሁም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት ገባሁ። ሊላኩ የለም፤ ተቆርጧል። የሎቪሳ ድንጋይም የለም። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ የማላውቀው ሰው ስም አለበት፤ አበባው ትኩስ ነው። የተሳሳትሁ መስሎኝ ዞርሁ፤ ተመለስሁ። ጉንቮር አጥሩን ትከረክማለች።

"ጉንቮር፣ እዚህ የነበረው ግራጫ ድንጋይስ?"

"የሎቪሳ የሚለው? አምና ተነሣ እኮ።" ጓንቷን አወለቀች። "ይጠብቃት የነበረው ሽማግሌ፣ ሩበን፣ ከሞተ በኋላ የመቃብሩን መብት የሚያድስ ጠፋ። እንደ ደንቡ ቢጫ ምልክት ሰክተን ጠበቅን። ሰው አልመጣም። ቦታው ለሌላ ተሰጠ፤ የእርሷ አጥንት ግን ከታች እንዳለ ነው።"

"ዘመዴ ናት።"

"ያንተ?" ደንግጣ አየችኝ። "በየሳምንቱ እኮ በበሩ ታልፋለህ! አንድ ቀን ብቅ ብትል ምን ነበረበት?"

"ድንጋዩስ?"

"ዕቃ ቤቱ ጀርባ ተደግፏል። በመኸር ይፈጭና ለመንገዱ ጠጠር ይሆናል።" ቀጥላ መሬት መሬት እያየች፣ "ኤቨርት፣ ከመጣህ አይቀር የጌርዳንም እየው" አለችኝ።

ሄድሁ። የእንጨት መስቀሏ አዘንብሏል። አረሙ ጉልበቴ ይደርሳል። በመካከሉ ቢጫ ምልክት ተሰክቷል፤ "የዚህ መቃብር ባለቤት ጽሕፈት ቤቱን እንዲያነጋግሩ ይለመናሉ" ይላል። አልማ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ።

"ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"ታዲያ ዳቦ ቤት በየቀኑ አይደል የምንገናኘው? ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? ሰው ተሰልፎ፣ 'ኤቨርት፣ ሚስትህን አረም በላት' ልበልህ? ደብዳቤም ልንልክልህ ነበር፤ ማን ይፈርምበት ሲባል ሁሉም ብዕሩ ጠፋበት።"

"ቄሱስ?"

"ቄሱም አይተዋል።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የፋሲካ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጄን የጨበጡኝ ሁሉ ምልክቱን አንብበው ነበር። እኔ ስለ ነገሥታት ሳወራ ከተማው በይሉኝታ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝ ነበር። ልቆጣቸው አሰብሁ፤ ግን እኔ ብሆን እናገር ነበር? አልናገርም። እኛ እንዲህ ነን፤ የሰው ቤት ሲቃጠል እንኳ እንዳንረብሽ በዝግታ ነው የምናንኳኳው።

አሁን አንድ መላ መጥቶልኛል። የጌርዳ ቦታ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው፤ ግማሹ የእኔ ነው። የሎቪሳን ድንጋይ ከጠጠር ላድነውና እዚያ ላቁመው። አዲስ ሊላክም እተክላለሁ። አንቺ ስትመጪ የምትቆሚበት ይኖርሻል፤ ለሴቶቹም ፎቶ ይሆናል። እኛ ካልተናገርን ማን ያውቃል? እሺ በይኝ።

ያፈረው ዘመድሽ
ኤቨርት

---

ኦቤራ
ኦገስት 21፣ 1996

ለተከበሩ አቶ ኤቨርት ሃልቡም፣

እግዚአብሔር ለሁላችንም ምሕረቱን ያብዛ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሴ አይሆንም ነው።

እሁድ ሴቶቹ ፊት ቆሜ፣ ሊላክ የለም፣ ድንጋይም የለም አልሁ። ፊቴ እንደ አፈራችን ቀላ። ሩት ያለችውን ልንገርዎ። "መቃብር መጥፋቱ ምን ይገርማል? የእኔ እናት ላይ ጫካ በቅሎባት የለም ወይ? የሚያሳፍረው፣ ሳይኖር አለ ማለቱ ነው" አለች። ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

ሎቪሳ በሌለችበት ድንጋይዋን አቁመው ሊያሳዩኝ ነው? "ሄድቪግ መጥታለች" ብዬ ለማን ልናገር? ለእርስዎ ባዶ ቦታ? እናቴ አደራ ያለችኝ ለእናቷ እንጂ ለድንጋይ አይደለም። ደግሞስ ጌርዳ ምን በደለች? የራሷ ስም ሳይጻፍላት የሌላ ሴት ስም ከራስጌዋ ሊቆምባት! ሚስትዎ እኮ ናት።

ትኬቱ ተቆርጧልና እመጣለሁ። ሴፕቴምበር 17 ከቀትር በኋላ ሲግቱና እገባለሁ። ሣር ከሆነ ሣሩን፣ የሌላ ሰው መቃብር ከሆነም እሱኑ ያሳዩኝ። ነገር ግን እኔ መጥቼ እጅዎን ይዤ በዚያ በር እንዳስገባዎ አይጠብቁኝ። ቀድመው ይግቡ።

አልማ ሊንድስትራንድ

---

ሲግቱና
ሴፕቴምበር 3፣ 1996

ውድ አልማ፣

የመንገድሽ ጠባቂ ከአንቺ ጋር ይሁን። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ደብዳቤሽን አንብቤ ተንበረከክሁ፤ የምጸልየው ግን አጣሁ። "ጌታ ሆይ፣ አፈርሁ" ብዬ ተነሣሁ። ምናልባት እሱም ጸሎት ይሆን ይሆናል።

ከዚያ ሄድሁ። ቢጫውን ምልክት ከጌርዳ ላይ ነቀልሁ። ኪሴ ልከተው ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለ። በጠራራ ፀሐይ በዋናው መንገድ መሐል ይዤው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። ጎረቤቴ ስቱሬ ብስክሌቱን አቆመ።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ከጌርዳ መቃብር የነቀልኩት ነው። አረም ውጧት ነበር።"

ሰማዩን አየ፤ የብስክሌቱን ደወል ነካካ። "አውቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "መኮትኮቻ አለህ?"

"የለኝም።"

"እና በጥርስህ ልትነቅለው ነው? ና፣ ከእኔ ጋ ውሰድ።"

አብሮኝ መጣ። እስኪመሽ ነቀልን።

ድንጋይ ጠራቢው ጋም ሄድሁ፤ ሥራ በዝቶበታል ያልሁሽ ሐሰት ነበር፤ ደጁን አልረገጥሁም ነበርና። "የሞተረኛው የኤቨርት ሚስት ልበል?" ብሎ ጠየቀኝ፤ የድሮ ሰው እንዲህ ያስጽፍ ነበር። ጌርዳ የከተማውን ልጅ ግማሹን በእጇ ያዋለደች ሴት ናት። "አዋላጅ ጌርዳ ሃልቡም በል" አልሁት። አንቺ ስትመጪ አይደርስም። የእንጨቱን መስቀል ነው የምታዪው፤ ቀጥ አድርጌዋለሁ። የሎቪሳን ድንጋይ ጉንቮር አላስፈጭም ብላለች፤ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ከሌሎቹ ጋር እንደ ተደገፈ ይቆያል። እንዳለ አሳይሻለሁ። እንግዶቼንም ከበሩ መመለስ ትቻለሁ፤ ተከልክሏል ማለቴ ውሸት ነበር አልኋቸው።

የቀረኝ የጥቁሩ ድንጋይ ነገር ነው። ትናንት አንዲት ሴት እዚያ አበባ ታጠጣ ነበር። እግሬ ወደ ኋላ ሊል ነበር። የሰው ኀዘን መካከል ገብቶ፣ "ከሥራችሁ የእኔ ዘመድ አለች" ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። ፊቴ እየነደደ ቀረብሁ።

"ይቅርታ፤ አባትሽ ናቸው?"

"አዎ።" ቡዲል እንደምትባል ነገረችኝ። አፌ እየተሳሰረ ሁሉንም ነገርኋት፦ ሎቪሳን፣ ሄድቪግን፣ አንቺን፣ የእኔንም ውሸት። ማጠጫውን አስቀመጠች።

"ማንም አልነገረንም" አለች።

"ማንም አይናገርም" አልኋት።

"ስሟ ማን ነበር?"

"ሎቪሳ።"

"ሎቪሳ።" ሣሩን አየችው። "አባዬ ከሴት ጋር ጨዋታ ይወድ ነበር፤ ብቻውን አይደለማ!" ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አፍራ አፏን ያዘች። እኔ ሁለት ዓመት ያህል ያልደፈርሁትን ይህች የማላውቃት ሴት በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችኝ፤ የሞተችውን ስም።

ስለዚህ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ እጠብቅሻለሁ፤ መጀመሪያ ወደዚያ እንሄዳለን። ቡዲልን ፈቃድ ጠየቅኋት፤ የሎቪሳ የልጅ ልጅ ከራስጌዋ ቆማ የእናቷን ስም ልትጠራ ነው፣ ቀስ ብላ ነው የምትጠራው፣ አንረብሽም አልኋት።

ያለችኝን እንዳለ አደርስልሻለሁ፦ "ለምን ቀስ ትላለች? ጮክ ብላ ትጥራ። አባዬ ጆሮው ከባድ ነው።"

ዘመድሽ
ኤቨርት